ስኳር ያልገባበት ማርማላታ

ቪየና፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1986

ለአክስቴ ለክሩኒያ፣

ሰላምታዬ በሾፌሩ በስሬቴን አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ድንበሩን አልፎ፣ መንደራችን ግራቦቪትሳ ከፕሪም ዛፎችዎ ሥር ይውረድ። በደህና ያግኝዎት። ላሚቱስ እንዴት ናት? ጎረቤትዎ ቪዶሳቫስ? ያ ጉልበትዎ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ መናገሩን ተወ?

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ያንን ወረቀት ቀደድኩት። እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ሥራዬን ያውቁታል። የአምስት ፎቅ ሕንፃ ጠባቂ ነኝ፤ ደረጃ እወለውላለሁ፣ ቆሻሻ አወጣለሁ፣ በክረምት በረዶ እጠርጋለሁ። ከበጋው ጀምሮ ግን አንድ ነገር ሰውነቴ ውስጥ ገብቷል። ውሃ ይጠማኛል። ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ስወጣ ከቧንቧው ላይ አፌን ሳልደቅን አላልፍም፤ ሌሊቱን ደግሞ ያንኑ ውሃ ስሸኝ አድራለሁ። ሱሪዬ ሰፋኝ። የሦስተኛ ፎቅዋ አሮጊት "ቲሆሚር፣ ከሳህ፤ አፍቅረሃል እንዴ?" ትለኛለች። ማንን አፈቅራለሁ፣ መወልወያዬን?

አሠሪዎቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ይልኩናል። ደም ወሰዱ። ሐኪሙ ውጤቱን አየና "ስኳር ሳይሆን አይቀርም" አለኝ። ለማረጋገጥ በባዶ ሆዴ ሌላ ቀን መመርመር አለብኝ። "ሳይሆን አይቀርም" ምን ዓይነት ንግግር ነው አክስቴ? ነው ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ አይደለም ቢለኝ አንድ አረቄ እጠጣ ነበር። እንዲሁ አንጠልጥሎ ለቀቀኝ።

ፈርቻለሁ። በዚህ በሽታ እግራቸው ስለተቆረጠ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ እግር የሌለው ሰው ደግሞ ደረጃ አይወለውልም። ሐኪሙ በዘራችሁ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎ ራስዎስ ደህና ነዎት?

ቡናውን ለስሬቴን ሰጥቼዋለሁ። ይህን ወሬ ለቪዶሳቫ አይንገሩብኝ፤ ለሷ ከነገሩ ለአውራጃው ሁሉ እንደነገሩ ነው።

ልጅዎ ቲሆሚር


ግራቦቪትሳ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1986

ለልጄ ለቲሆሚር፣

ጌታ ከደረጃ መውደቅ፣ ከክፉ ሐኪምና ከክፉ ሚስት ይጠብቅህ። ከክፉ ሚስት እንኳ እስካሁን ጠብቆሃል፤ እንዲያውም አበዛው።

ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ላሚቱን አለብኩ። አሁን ረጋ ብዬ እጽፍልሃለሁ። በኛ ዘር ስኳር የለም። አባቴ ከፕሪም ዛፍ ወድቆ ሞተ፣ አባትህ በሳንባው ሞተ፣ እናቴ ደግሞ በቃኝ ብላ ሞተች። ይህ በሽታ የከተማ ነው፤ ያ ክሬም የሚቀባበት ኬካችሁ ያመጣው ነው።

መድኃኒቱ ግን እኔ ዘንድ አለ። ስሬቴን የሚያመጣልህን ጠርሙሶች ተቀበለው። ዘንድሮ ፕሪሙ ደህና ነበር። ቆዳው እስኪጨማደድ ዛፉ ላይ ተውኩት፤ ከዚያ የውስጡን ፍሬ አወጣሁና በአያትህ የመዳብ ድስት ጎህ ሲቀድ እሳት ላይ ጣልኩት። ማታ ላም እስኪታለብ ድረስ እጄ ከማማሰያው አልተለየም። ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱን ሆድ ገልጦ ሲያሳይ ነው ማርማላታው ደረሰ የሚባለው፤ አንተም ልጅ ሆነህ እየቆምክ "ታየ፣ ታየ" ትለኝ ነበር። አንዲት ቅንጣት ስኳር አልገባበትም። ስኳር የሚጨምሩት ቆሞ ማማሰል የሚሰለቻቸው ናቸው። እንግዲህ ስኳር የያዘው ሰው ስኳር የሌለበትን ቢበላ ምን ይሆናል? ይሻለዋል። ይህን ለማወቅ ነጭ ጋውን መልበስ አያሻም።

ጠዋት ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ሦስት ማንኪያ ውሰድ። ከዚያ ጻፍልኝ። ሠራ ወይስ አልሠራም፣ እውነቱን፣ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ይህን መልስ አንተ ከምታስበው በላይ እጠብቀዋለሁ።

ስለኔ ጠይቀሃል። ደህና ነኝ። አፌ ትንሽ ይደርቃል፤ የድስቱ ጭስ ነው። ቡናው ደርሶኛል፤ ቪዶሳቫ ሽታውን ከአጥሩ ማዶ አውቃ መጥታ ግማሹን ጠጣችው። ስላንተ አልነገርኳትም።

አክስትህ ክሩኒያ


ቪየና፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1986

ውድ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የቤታችን ጠባቂ የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ተቃርቦ ይሆናል፤ ሻማው በሙሉ ብርሃኑ ይቁም፣ እንግዳውም መቀመጫ እስኪያጣ ይምጣልዎ። ስለ ዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ስሬቴን ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ወጣ። ነው። "ሳይሆን አይቀርም" የሚባለው ነገር ቀረ። ሐኪሙ ፊት ደህና ነበርኩ፤ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት የኔ የነበረ ሰውነት የሌላ ሰው ዕቃ መሰለኝ፤ በጥንቃቄ ይዘህ መልስ የተባልኩ ዓይነት። ክኒን ሰጥተውኛል። አረቄ ቀረ፣ ነጭ ዳቦ ቀረ፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለትም ቀረና በሱ ፋንታ በወንዙ ዳር መራመድ መጣ። የምታስተምረን ነርስ የዛግሬብ ልጅ ናት፤ በቋንቋችን ትቆጣናለች። በየምሽቱ የውስጥ እግሬን በመስተዋት እንዳይ አዝዛኛለች። እስቲ ይታይዎት፤ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ ለእግሬ መስተዋት ስይዝ፣ ነገ የምትዳር ልጃገረድ መስዬ።

ማርማላታው በደህና ደርሷል፤ አንድም ጠርሙስ አልተሰበረም። እጅዎ ይባረክ። ስኳሬ ወርዷል፤ ሐኪሙም ደስ ብሎታል። ማርማላታዎ ረድቶኛል። እንደሱ ያለ ነገር እዚህ አገር በገንዘብ አይገኝም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ በረዶ ጀምሯል፣ አካፋዬም ይጠብቀኛል። ለላሚቱ መኖ መግዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በፖስታው ውስጥ አለ።

ልጅዎ ቲሆሚር


ግራቦቪትሳ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1987

ልጄ ቲሆሚር፣

ጌታ ተወልዷልና ደስ ይበልህ። ይህ ዓመት እንዳለፈው አያስደንግጥህ፤ ያሰብከው ሁሉ በእጅህ ይግባ።

ደብዳቤህ የደረሰው በቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ ነው። መነጽሬ አላሳይ ስላለኝ ቪዶሳቫን በእንግዶቹ ሁሉ ፊት አስነበብኳት። አትቆጣ፤ መዳንህን እንጂ መታመምህን አላስነበብኩም። "ማርማላታዎ ረድቶኛል" የሚለው ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት እምቢ አለች፤ ቅናት ነው። ቄሱ እንኳ ማንኪያቸውን ለበዓሉ ከተቀቀለው ስንዴ ላይ አንሥተው "ክሩኒያ፣ ሐኪም መሆን ነበረብሽ" አሉኝ። ስንዴውን በስኳርና በዋልነት ፍሬ ለውሼ ያቀረብኩት እኔ ነኝና ከሁሉም ጋር በላሁ። በቅዱሱ ቀን ከስንዴው የማይቀምስ ሰው ከቅዱሱ ጋር የተጣላ ይመስላል።

ቲሆሚር፣ ያንን ደብዳቤ ከጻፍክልኝ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ከዚያ በፊት አልተኛም ነበር። አሁን እኔም ጠዋት ጠዋት ሦስት ማንኪያዬን እወስዳለሁ፤ ለጉልበቴ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ዶክተር ልጅ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ለምን አልመጡም?" ትለኛለች። ልጅ ናት፤ ሕመምተኛ ሲጠፋባት ይጨንቃታል።

ከእንግዲህ ቡና አትላክ። ቡና ሌሊት ያስነሣኛል፤ እስከ ጓሮው ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ በረዶ ነው። በሱ ፋንታ ትልልቅ መስታወት ያለው መነጽር ፈልግልኝ፤ ይኼኛው ደክሟል። የቤት ጫማም፣ ከሱፍ የተሠራ፣ ሰፋ ያለ። እግሬ በብርዱ ደንዝዟል፤ ወደ ምድጃው ባስጠጋውም ሙቀት አይሰማውም። እርጅና ነው መቼስ።

ሁለት ጠርሙስ ጨምሬልሃለሁ።

አክስትህ ክሩኒያ


ቪየና፣ ማርች 22 ቀን 1987

ውድ አክስቴ፣

በረዶው ከጣሪያዎ ላይ ይቅለጥ፣ አበባው በደህና ይውጣ፣ ውርጭም ፕሪሙን አይንካብዎ።

መነጽሩንና የቤት ጫማውን ስሬቴን ይዞልዎታል። ጫማው ግራጫ ነው፤ ሻጩ ቀይም ነበረው፣ ግን ቪዶሳቫ አፏን እንዳትከፍትብዎ ብዬ ተውኩት። መነጽሩን ዓይንዎ ሳይለካ በግምት ነው የገዛሁት፤ ካላሳየዎት ከተማ ወርደው ይመርመሩ፤ ወጪውን እኔ እልካለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። መራመዱን ለምጄዋለሁ፤ ሱሪዬንም ሞላሁት። ነርሷም መቆጣቷን ቀንሳለች። አንዳንዴ ግን እነጫነጫለሁ። ሰው ልደት አክብሮ ኬክ ሲዘረጋልኝ "አመሰግናለሁ፣ አልበላም" ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለምን ሲሉኝ ማስረዳት ሌላ ነው። ሆዴን አሞኛል እላለሁ። እስካሁን ድረስ ስሙን በአፌ አልጠራሁትም።

ስለ ማርማላታው፤ እባክዎን ከእንግዲህ አይላኩ። ድንበር ላይ ወታደሮቹ ጠርሙስ እያስከፈቱ ያስቸግራሉ ይላል ስሬቴን። እርስዎም ራስዎ ብዙ ባይበሉት ጥሩ ነው። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ለጉልበትዎም ቢሆን ጤና ጣቢያ ጎራ ቢሉ ምን ይጎዳል? ያቺ ልጅ እንዲያ ከጠየቀችዎት አንድ ነገር ቢኖራት ነው።

ይህን ስጽፍ እንዳይቀየሙኝ እየፈራሁ ነው። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ቲሆሚር


ግራቦቪትሳ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987

ለቲሆሚር፣

ጤና ይስጥህ፤ አገር ምድሩ ይውደድህ።

ከማርች ጀምሮ ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ ነው። ስሬቴንን ጠየቅኩት፤ ድንበር ላይ ጠርሙስ ያስከፈተው ሰው የለም። ደነገጠና እንዳላጣላችሁ ብሎ ለመነኝ። ማርማላታዬ ከሰለቸህ ሰለቸኝ በለኝ እንጂ ወታደሮቹን ምን ታነሣለህ? በጋውን በሙሉ ደብዳቤህን ሁሉ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ስከት ከረምኩ። አሁን ግን ፕሪሙ ደረሰ፤ ፕሪም ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ይታረቃል። አርባ ጊዜ የጻፍክልኝ "ምን ሆነው ነው?" ልቤን አራራው። ፊደሌ ከተንጋደደብህ ታገሥ፤ መስመሩ አልታይ ይለኛል፤ ያንተም መነጽር እንደ አሮጌው ሆነ።

የቤት ጫማህ ጥሩ ነበር። ነበር የምልህ የቀኙ ስለ ጠፋ ነው። ከበረቱ ወደ ቤት ስመጣ ከእግሬ ወልቆ ቀርቷል፤ እኔም አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ደጃፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ነው። ቪዶሳቫ "ሰው ጥርሱን ይጥላል፣ አንቺ ጫማሽን ትጥያለሽ" አለችኝ። ውሻ ወስዶት ይሆናል፤ አላገኘነውም።

ከዚያ ደግሞ የሳቅነውን ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት ድስቱን እሳት ላይ ጣልኩ። ከቪዶሳቫ ጋር እያወራን፣ እኔ እያማሰልኩ፣ እሷ እንጨት እየጨመረች፣ የላስቲክ ጫማዬን አድርጌ ቆሜአለሁ። ድንገት አፍንጫዋን ይዛ "ክሩኒያ፣ ጎማ ጨመርሽበት እንዴ?" አለች። ወደ ታች ስናይ ፍም ከእሳቱ ተፈናጥሮ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል፤ ላስቲኩ ይጨሳል፣ ካልሲዬ ተቃጥሏል። እኔ እቴ! ምንም አልተሰማኝም። ቪዶሳቫ ባልዲ ውሃ ደፋችብኝና ሁለታችንም እስክንወድቅ ሳቅን። "ቆዳሽ እንደ ጎሽ ነው" አለችኝ። ትንሿ ጣቴ አጠገብ ትንሽ ቁስል አለች፤ በአረቄ አጥባታለሁ። እንኳን ሊያመኝ፣ አታሳክከኝም። ማርማላታው ግን አልተበላሸም፤ ማማሰያውን አንዴም አልለቀቅኩም።

የዘንድሮውን ልኬልሃለሁ። አልበላም ካልክ ለዚያች ለሦስተኛ ፎቅ አሮጊት ስጣት። ቡናም፣ መነጽርም፣ ገንዘብም አልፈልግም። የሆነ ጥሩ የቁስል ቅባት ካለ ግን ላክልኝ፤ ቁስሏ መድረቅ እምቢ ብላለች።

አክስትህ ክሩኒያ


ቪየና፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1987

አክስቴ፣

ሰላምታዬን ዛሬ ለኋላ ያቆዩልኝ። ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ሮጬ ቴሌግራም ልኬአለሁ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው እግርዎን እንዲያሳዩ። ቴሌግራም ምክንያት አይይዝም። ምክንያቱ ይኸው።

ማርማላታዎን አልበላሁም። አንድም ማንኪያ።

የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች የደረሱኝ ጊዜ አንዱን ለነርሷ ይዤላት ሄድኩ፤ ኩራት ይዞኝ፣ አክስቴ ያለ ስኳር ያበሰሉት ነው ብዬ። በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችው። "ይህ እኮ ስኳር ብቻ ነው" አለችኝ። "ውሃው ተንኖ አልቋል፣ የቀረው የፕሪሙ ስኳር ነው። አክስትህ ባይጨምሩበትም ዛፉ ጨምሮበታል።" የኔን ስኳር ያወረደው ክኒኑና መራመዱ ነው። ጠርሙሶችዎ ምድር ቤት ከከሰሉ አጠገብ ተደርድረዋል። ክዳኑ የተነካ ያ ነርሷ የቀመሰችው ብቻ ነው።

ያኔ ይህንኑ ልጽፍልዎ ተቀምጬ ነበር። ከጎህ እስከ ላም መታለቢያ ማማሰያ ይዘው ሲቆሙ ታየኝና እጄ እምቢ አለኝ። ደስ ይበልዎት ብዬ ዋሸሁ። ውሸቴ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ሦስት ማንኪያ እወስዳለሁ ብለው ሲጽፉልኝ ልቤ ደንግጦ ነበር፤ ግን እውነቱን መናገር ስላሳፈረኝ ድንበርና ወታደር ፈጠርኩ። የአፍዎ መድረቅ፣ የሌሊቱ መነሣት፣ የመነጽሩ ነገር፣ የደነዘዘው እግርዎ፤ ሁሉንም በራስዎ እጅ ጽፈውልኛል። እኔ ራሴ ያለፍኩበትን ነገር አንብቤ አላወቅኩትም።

አክስቴ፣ እሳት የማይሰማው እግር የጎሽ ቆዳ ስላለው አይደለም። ነርሷ መስተዋት የምታስይዘን ለዚሁ ነው፤ ስኳር እግርን ያደነዝዛል፣ ሰው ቆስሎም ሳያውቅ ይሄዳል፣ ቁስሉም አይድንም። እየሳቁ የጻፉልኝን አንብቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሰዎች በላዬ ተሻግረው አለፉ።

ቁስሉን በአረቄ አይጠቡት። ቅባትም አልልክም፤ ቅባት ልኬልዎ ቤት እንዲቀመጡ አልፈልግም። ማርማላታውን ዛሬ ያቁሙ። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ ግን ይሂዱ። ለቅዱስ ኒኮላስ እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

ልጅዎ፣ ካሉኝ፣ ቲሆሚር


ቫልዬቮ ሆስፒታል፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1987

ቲሆሚር፣

ይህን የምትጽፈው ቪዶሳቫ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከራሷ እንዳትጨምር አስምዬያታለሁ። (አልጨምርም። ቪ.)

ምርቃት የለም፤ ተናድጃለሁ።

ቴሌግራምህ ሲመጣ አልሄድኩም። ቪየና ተቀምጦ እግሬን የሚያይ ማነው ብዬ ሳቅኩ። ደብዳቤህን ቪዶሳቫ ስታነብልኝ ደግሞ ማርማላታውን አልበላሁም የሚለው ጋ አስቆምኳት፤ ቀሪውን መስማት አልፈለግኩም። እሷ ግን ለራሷ እስከ መጨረሻው አነበበችና "ካልሲሽን አውልቂ" አለችኝ። አወለቅኩ። አየችና ዝም አለች። ቪዶሳቫ ዝም ስትል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

በባሏ ትራክተር ወደ ከተማ አወረዱኝ። ሁለት ጣቶቼን ቆረጡ፣ ከቀኝ እግሬ፣ ትንሿንና አጠገቧ ያለችውን። ቀሪው ይተርፋል ይላሉ፤ ይላሉ ነው እንግዲህ። ስኳሬን ሲለኩ ሐኪሙ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሌላ አስመጣ። (እውነት ነው። እኔም ቆሜ ነበር። ቪ.)

አሁን የኔን ስማ። ያንተ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያቺ የጤና ጣቢያ ልጅ ለኔም ነግራኝ ነበር። "ስኳር ሳይሆን አይቀርም፣ ተመልሰው ይምጡ" ብላኝ ነበር። ቃል በቃል ያንተው ነው። ያንተን ሳነብ ያለቀስኩት ለሁለታችን ነው። አልነገርኩህም። ከቤቴ አውጥተው ከተማ የሰው ክፍል ውስጥ ያስቀምጡኛል ብዬ ፈራሁ። በየበዓሉ ሰው ማንኪያ እየነጠቀኝ "ለሷ አይሆንም" እንዳይለኝ ፈራሁ። እውነቱን ጻፍልኝ ብዬ የለመንኩህ ለዚህ ነበር፤ አንተን ካዳነ እኔንም ያድናል ብዬ። መልሱ መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን መልስህን ይዤ ኖርኩ።

ይህን የምነግርህ እንድታለቅስ አይደለም። (እሷ እያለቀሰች ነው። ቪ.) አንተ እኔን ላለማስከፋት ዋሸህ፣ እኔ አንተን ላለማስደንገጥ ዋሸሁ። ሁለታችንም ደጎች ነን። ደግነታችን ሁለት ጣት በላ።

አሁን ክኒን እውጣለሁ። መርፌም አለ፤ ያቺ ዶክተር ልጅ ቤት እየመጣሁ ላሳይዎት ብላለች፤ ለዓመት ሙሉ ስሸሻት አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ዳቦዬን ይመዝኑብኛል፤ ወርቅ ይመስል። እራባለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ማታ ማታ የጎደሉት ጣቶቼ ያሳክኩኛል። ሳሉ የማይሰሙኝ፣ ሲሄዱ ተሰሙኝ። መስተዋቱን ቪዶሳቫ ትይዝልኛለች። ትልቅ የቤት ጫማ እንዳትገዛ፤ የቀረችኝ የግራዋ ናት፣ ቀኙ ደግሞ ገና በጨርቅ ነው የሚሄደው።

ለቅዱስ ኒኮላስ ና። ስትመጣ ጠርሙሶቹን ሁሉ ይዘህ ና፤ ስንት ቀን የቆምኩበት ነገር ነውና ከሰል አጠገብ አይቀመጥም። ለእንግዳ ይቀርባል። ስንዴው ሲዞር እኔና አንተ ማንኪያውን ስናሳልፍ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጥልብናል። ያኔ ሆዴን አሞኛል እንዳትል። በቄሱም በሁሉም ፊት "እኔም አክስቴም ስኳር አለብን" ትላለህ። መዳንህን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው ያስነበብኩት፤ ይኼኛውን አንተ ተናገረው። እኔ አፌን የሚይዘኝ ይመስለኛል።

ሰው ከሄደ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ያመሰገንከውን ማርማላታ አልቀመስከውም። ያቺን ነርስህን ጠይቃት፤ ለማንኪያ ጫፍ ከፈቀደች፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ትቀምሰዋለህ። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ዓይኔን እያየህ ትነግረኛለህ።

ከዚያ እመርቅሃለሁ።

አክስትህ ክሩኒያ